ስለ አየር ጠባይ መሣሪያችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ዲስኩር)



የተፈቀደልኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ። የዲስኩሬ አርእስት የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ማኅበር በዚህ ዓመት ስላቋቋመው መሣሪያ ነው። መሣሪያ ስል እንደ ዶማና እንደ ማረሻ በእጅ የሚያዝ ነገር ማለቴ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖር አጭር ፕሮግራም ነው። ሥራውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ረዳት ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ የአየር ጠባይ በተጠየቀ ጊዜ ከግምት የተሻለ ቍጥር ማቀበል ነው።

ከወላጆቻችን መካከል «ይህ ረዳት ሁሉን ያውቃል ይባል የለምን? የዛሬን ዝናብ ለማወቅ ስለምን ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ረዳቱ የሠለጠነው አስቀድሞ በተጻፈ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ሲሆን፣ ሥልጠናው በአንድ ቀን ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ነገር ካልነገሩት አያውቅም። መስኮት በሌለው ቤት ተቀምጦ ያነበበውን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሊቅ እንደ ማለት ነው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም መሆኑን አሳምሮ ይነግራችኋል፤ ዛሬ በነፋስ መውጫ ይዘንብ እንደ ሆነ ግን ደጁን አላየም። አላየሁም ማለትም ሁልጊዜ አይሆንለትም። በሐምሌ ብትጠይቁት «ከቀትር በኋላ ዝናብ ይጠበቃል» ሊላችሁ ይችላል። ይህን በሐምሌ ወር እረኛም ይናገረዋል፤ ብዙውን ጊዜም ትክክል ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ትክክል ባልሆነበት ቀን ነው።

ስለዚህ ረዳቱ ከውጭ ካሉ ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት ሥርዓት ተበጀለት። ከነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ይባላል፤ አንትሮፒክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ. ም. ለሁሉ ክፍት አድርጎ አወጣው፤ ከዚያም ሌሎች ኩባንያዎች ተቀበሉት። አሠራሩን ለመናገር ቀላል ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ለረዳቱ የመሣሪያውን ስም፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚገልጥ ጥቂት ቃል፣ ምን እንደሚቀበልም ይነግረዋል፤ ለምሳሌ የቦታ ስምና የቀን ብዛት። ረዳቱ ጥያቄ ሰምቶ ይህ መሣሪያ ያስፈልገኛል ያለ እንደ ሆነ በስሙ ይጠራዋል። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ወደ አንድ የአየር ጠባይ አገልግሎት ሄዶ ቍጥሩን ያመጣል። ረዳቱም ቍጥሩን በሰው ቋንቋ አድርጎ ይመልሳል። እኛ የጻፍነው ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው፤ ርዝመቱም ከዚህ ዲስኩር አይበልጥም።

በዚህ ሥርዓት መሥራት ለሚጀምር ሰው የሚሰጠው መልመጃ ራሱ የአየር ጠባይ መሣሪያ ነው። እኛም መልመጃውን እንደ ተጻፈው ተከትለን ሠራነው፤ ለካሊፎርንያ በሚገባ መለሰልን። መልመጃው መረጃ የሚወስደው ከአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ሲሆን፣ ይህ መሥሪያ ቤት የሚተነብየው ለአሜሪካ ግዛት ብቻ ነው። ለነፋስ መውጫ ሲጠየቅ መረጃ የለም ይላል። የመልመጃው ጸሐፊዎች በክፉ አስበው አይደለም። ያገራቸው መሥሪያ ቤት መረጃውን ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ ለማስተማር ተመችቷቸው ነው። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ በየአገሩ ቢለመድ ደስ ባለኝ።

እኛ ኦፕን ሚቲዮ ወደሚባለው አገልግሎት ዞርን። ይህ ለዓለም ሁሉ ይሠራል፤ ለንግድ ላልሆነ ሥራም ዋጋ አያስከፍልም። ሰሜንና ምሥራቅ የሚለካበትን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቍጥር ሲሰጡት እስከ 16 ቀን የሚደርስ ትንበያ ይመልሳል። ይህን ካገኘን በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎ ነበር። ከባዱ ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ መጣ፤ እሱም ከኮምፒዩተር ትምህርት ይልቅ ያገራችንን መልክ ማወቅን የሚጠይቅ ነበር።

መጀመሪያ የቦታ ስም ነው። አገልግሎቱ የሚያውቀው ቍጥር እንጂ ስም ስላይደለ፣ ስምን ወደ ቍጥር የሚለውጥ ሌላ ዝርዝር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለዓለም ሁሉ የተዘጋጀ በኢንተርኔት ይገኛል። እስቴ ብለን በላቲን ፊደል ብንጽፍለት ግን ወደ ጣልያን አገር ሊወስደን ይችላል፤ በፓዶቫ አውራጃ ውስጥ እስቴ የምትባል ከተማ አለችና። ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ እጅግ ሳቁ። ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ ነው። የመካነ ኢየሱስ ገበሬ ስለ እስቴ ጠይቆ የጣልያን እስቴ ሙቀት ቢነገረው፣ ቍጥሩ ደኅና ቍጥር ስለሚመስል ስሕተቱን በምን ያውቃል? ስለ ጋይንት ስንጠይቅ ደግሞ ላይ ጋይንት ነው ወይስ ታች ጋይንት? አንዱ ከነፋስ መውጫ፣ ሌላው ከአርብ ገበያ ይተዳደራል፤ አየራቸውም አንድ አይደለም። ነፋስ መውጫ የሚለው ስም ራሱ በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዐይነት ይጻፋል። ስለዚህ የዓለሙን ዝርዝር ትተን የራሳችንን ጻፍን። ነፋስ መውጫን፣ አርብ ገበያን፣ የስማዳዋን ወገዳን፣ መካነ ኢየሱስን፣ ከዚያም ተማሪዎች የመጡባቸውን ቀበሌዎች እየጠየቅን በአማርኛ ፊደል አገባን። በዝርዝሩ የሌለ ስም ከተጠየቀ መሣሪያው «ይህን ቦታ አላውቀውም» ይላል እንጂ የሚመስለውን ስም አይመርጥም።

ሁለተኛው የምድራችን ከፍታና ዝቅታ ነው። የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሰላው ምድርን እንደ መረብ በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ነው። እንግሊዝ አገር በሬዲንግ የተቋቋመው የአውሮጳ የትንበያ ማእከል የሚጠቀምበት የመረቡ ዐይን አንድ ጎኑ 9 ኪሎ ሜትር ያህላል። ሜዳ በሆነ አገር ይህ ብዙ አይጎዳም። የኛ አገር ግን በአንድ ወገን ከ4000 ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን፣ በሌላው ወገን የበሽሎን ቆላ የያዘ ነው። በአንድ የመረብ ዐይን ውስጥ ገብስ የሚያበቅል ደጋና ማሽላ የሚያበቅል ቆላ አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በመካከለኛ ግምት 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ለ2800 ሜትር የተሰላ ሙቀት ለ1800 ሜትር መንደር ቢነገር በስድስት ተኩል ዲግሪ ያሳስታል። አገልግሎቱ የጠየቅነውን ቦታ ከፍታ አይቶ ሙቀቱን ያርማል፤ ይህ መልካም ነው። የወረዳውን ዋና ከተማ ቍጥር ሰጥተን የቆላ ቀበሌ ብንለው ግን እርማቱ አይረባም። ዝናብን ደግሞ በዚህ መንገድ ማረም አይቻልም። ስለዚህ መሣሪያችን ከእያንዳንዱ መልስ ጋር «ይህ ቍጥር ይህን ያህል ሜትር ከፍታ ላለው ቦታ ነው» ብሎ እንዲጽፍ አደረግን። ሰሚው ከኔ ቤት በላይ ነው ወይም በታች ነው ብሎ ራሱ ይፈርዳል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን በአጭሩ ልናገር። አገልግሎቱ የኢትዮጵያን ሰዓት ካልጠየቁት በግሪንዊች ሰዓት ይመልሳል፤ እሱም ከኛ በ3 ሰዓት የዘገየ ነው። ያንን ካስተካከልን በኋላ ደግሞ 15 ሰዓት ብሎ የጻፈውን ረዳቱ «ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት» ብሎ ይተረጕመዋል። አያቶቻችን 3 ሰዓት ሲሉ ጧት ነው፤ 15 የተባለው ግን የኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እህል ለማስጣት የሚጠይቅ ሰው በዚህ መካከል ምርቱ ይረጥብበታል። ስለዚህ ሰዓቱንም ቀኑንም የሚለውጠው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ለረዳቱ አልተውንለትም። የቀኑ ስሌት በዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን 6 ቀን መሆኗንና ከዚያ በኋላ መስከረም 1 በአውሮጳ አቆጣጠር 12 ላይ መዋሉን መቍጠር አለበት። ይህን ክፍል የጻፈችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የባሕረ ሐሳብ ነገር ከአያቷ ተምራ ነበርና ከሁላችን ቀድማ ጨረሰችው።

አሁን ወደ በረዶ እመጣለሁ። ብዙ ጊዜ የወሰደብን እሱ ነው።

አገልግሎቱ የሰማዩን ሁኔታ የሚገልጠው በቍጥር ምልክት ነው። 61 ካለ ቀላል ዝናብ፣ 65 ካለ ከባድ ዝናብ፣ 95 ካለ ነጐድጓድ ያለበት ዝናብ ነው። 96 እና 99 ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ነጐድጓድ ናቸው። ምልክቶቹን ወደ አማርኛ ስንመልስ በመመሪያው ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ የተጻፈ ማስታወሻ አገኘን፤ የበረዶ ትንበያ የሚገኘው ለመካከለኛው አውሮጳ ብቻ ነው ይላል። ወላጆች ሆይ፤ የዚህን ነገር ትርጕም አስቡት። መሣሪያው በጋይንት ላይ በረዶ ይመጣል ብሎ ሊናገር አይችልም። ዛሬ ማታ ሰማይ ተቀዶ በረዶ ቢወርድ እንኳ ትናንት የሰጠው ምልክት ከ95 አያልፍም።

ይህን ካየን በኋላ ረዳቱን ለመፈተን «ነገ በገብሴ ላይ በረዶ ይወርዳል?» ብለን ጠየቅነው። መሣሪያውን ጠራ፤ ቍጥሩን ተቀበለ፤ በቍጥሩ ውስጥ በረዶ የሚል ስላላገኘ «ነገ በረዶ አይጠበቅም» ሲል በትሕትና መለሰ። ከዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። አገልግሎቱ ስለ በረዶ አልተናገረም፤ ፕሮግራሙ የተሰጠውን አቀበለ፤ ረዳቱ ያልተነገረውን እንደሌለ ቈጠረው። ከሦስት እውነተኞች ግን አንድ ሐሰት ወጣ። በነሐሴ መጨረሻ ገብስ ሲያሸት የሚወርድ በረዶ የአንድ ቤተ ሰብን የዓመት ምግብ በሩብ ሰዓት እንደሚጨርስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ መሣሪያው ከእያንዳንዱ መልሱ በታች «ስለ በረዶ መረጃ የለኝም፤ በረዶ አይወርድም ማለት አይደለም» የሚል ቃል እንዲጨምር አደረግን። ረዳቱም ይህን ቃል ሳያስቀር እንዲናገር በመሣሪያው መግለጫ ላይ ጻፍን። ስለ አመዳይም እንዲሁ አደረግን። የሚነገረው ሙቀት ከምድር 2 ሜትር ከፍ ብሎ ላለው አየር ነው፤ ሰማይ በጠራበት የጥቅምት ሌሊት ግን አየሩ ከዜሮ በላይ ሳለ ምድሪቱ ቀዝቅዛ ባቄላውን ልታቃጥለው ትችላለች። መሥመር ተቋርጦ ቍጥር ካልመጣም መሣሪያው ባዶ መልስ አይሰጥም፤ «መረጃ አልተገኘም፤ በግምት አትመልስ» ብሎ ለረዳቱ ይጽፍለታል። ከሐምሌ 2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የምናስታውስ ሰዎች ይህ ትርፍ ነገር አይመስለንም።

ከትምህርት ቤታችን ጎረቤት የሚኖሩ አንድ አባት ሥራችንን ሊያዩ መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ይኼ የምትሠሩት ነገር በረዶ ሲመጣ ይናገራል?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፤ ስለ በረዶ አያውቅም። አለማወቁን ግን ይናገራል።»

«አላውቅም ካለስ ደኅና ነው» አሉ። «ስንቱ አለ አይደል፣ ሳያውቅ የሚያስዘራ!»

ያስዘራል ያሉት ነገር በልቤ ቀረ፤ ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይኸው ነውና። በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ጣል ያደርጋል፤ ገበሬው ዘሩን ያወጣል፤ ከዚያ ሰማዩ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ ዘሩም ከመሬት ውስጥ ይቀራል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ክረምት ገባ የሚሉት ብዙ ጊዜ በሦስት ተከታታይ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ፣ ከዚያም በሚከተሉት 30 ቀኖች ውስጥ ረጅም ድርቅ ያልገባ እንደ ሆነ ነው። የኛ ትንበያ 16 ቀን ብቻ ያያል፤ ከነዚያም ውስጥ የኋለኞቹ ቀኖች እጅግ ደካማ ናቸው። እንግዲህ «ልዝራ ወይስ ልቈይ?» ለሚለው ጥያቄ መሣሪያው ግማሹን እንኳ አይመልስም። በ1977 ዓ. ም. የደረሰውን ወላጆቻችን ያውቁታል። በ2007 ዓ. ም. ክረምት ደግሞ በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናብ ጐድሎ፣ በተከተለው ዓመት በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ኮምፒዩተር ዝራ ወይም አትዝራ ብሎ እንዲያዝ አልፈቀድንለትም። ቍጥሩን ያቀርባል፤ ውሳኔው የባለ መሬቱና የግብርና ባለሙያው ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች «እንግዲያው ጥቅሙ ምንድን ነው?» ይሉናል። ጥቅም አለው። የነገንና የከነገ ወዲያን ዝናብ፣ የነፋሱን ኀይል፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ከዝም ብሎ ግምት በተሻለ ይናገራል፤ ድንች ለመቈፈርና ነዶ ለመከመር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የመሣሪያው ጥሩነት ከተለካው ነገር አይበልጥም። ስለ መለካት ጥቂት ልጨምር።

በአካባቢያችን ዝናብ መለካት አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደርና በቍስቋም ተቀምጦ ሳለ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1770 እና በ1771 የወረደውን ዝናብ እየለካ መዝግቧል፤ በኋላም በመጽሐፉ አሳትሞታል። በአገራችን የአየር ጠባይ ሥራ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ለአውሮፕላኖች ጥቅም ሲካሄድ ቈይቶ በ1973 ዓ. ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ጣቢያ አለ። በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለው ገደልና ሸለቆ ግን የሚለካው የለውም። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሆነው የጣቢያዎችን መዝገብ ከሳተላይት መረጃ ጋር በማዋሐድ ይህን ክፍተት ለመሙላት ደክመዋል። ሳተላይት ግን ደመናን ያያል እንጂ በመሬት ላይ የወረደውን ውሃ አይሰፍርም፤ መሬት ላይ የሚሰፍር ሰው ካልኖረ የሳተላይቱን ግምት ማን ያርመዋል?

ስለዚህ ማኅበራችን የዝናብ መለኪያ ሠራ። ዋጋው ምንም ማለት ይቻላል። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ተቈርጦ ወደ ውስጥ እንደ ማጥለያ ይገለበጣል፤ ታችኛው ጎርባጣ ክፍል በጠጠርና በሲሚንቶ ይስተካከላል፤ ከውጭ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ ይለጠፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከዛፍና ከጣራ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ፍየል እንዳይገለብጠውም በእሾህ ይታጠራል። ያገራችን ጣቢያዎች ዝናብን የሚያነቡት ጧት በ3 ሰዓት ስለ ሆነ እኛም በዚሁ ሰዓት እናነባለን። ኮምፒዩተሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚቈጥር፣ የኛን ንባብ ከትንበያው ጋር ለማስተያየት የየሰዓቱን ቍጥር ወስደን ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንደምራለን። መዝገቡንም ለመሣሪያው ሁለተኛ ክፍል አድርገን ሰጠነው። አሁን ረዳቱን «ትናንት ምን ያህል ዘነበ?» ብትሉት፣ የተተነበየውንና የተለካውን ለይቶ ይነግራችኋል።

እኔ እስከ 8ኛ ክፍል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የሙቀት መለኪያውን በየጧቱ አንብበን በሰሌዳ ላይ እንጽፍ ነበር። ሳናነብ ያለፍነውን ቀን መምህራችን ባዶ እንድንተወው ያዝዙን ነበር፤ የትናንቱን ቍጥር መድገም ክልክል ነበር። በማኅበራችን መዝገብም ይኸው ሕግ ተጽፏል፤ ያልተነበበ ቀን ባዶ ይቀራል፤ ረዳቱም «ያን ቀን አልተለካም» ይላል።

በመጨረሻ የምለምናችሁ ነገር አለ። ትምህርት ቤታችን በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም በመስከረም ነው። የጋይንት ዝናብ የሚበዛው ደግሞ ተማሪ ሁሉ ወደ እናት አባቱ በተበተነበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። መለኪያው በየጧቱ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሥራው 5 ደቂቃ አይፈጅም። በከተማው የሚቈዩ ተማሪዎች በሳምንት ተራ ገብተው የሐምሌን ወር ሙሉ ወስደዋል። የነሐሴንም የመጀመሪያውን ሳምንት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ይዘውታል። ከነሐሴ 8 እስከ 21 ያለው ግን ገና ሰው አልተገኘለትም። መዝገቡና እርሳሱ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጅ ይገኛል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ ለተቀመጠችው ጸሓፊያችን ስሙን ይንገራት።